ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ዳስ
በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች የሁለት እምነት ልጆች ሠርግ እንዴት ይታቀድ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ከጉባኤያችን የወትሮ አርእስት ወጣ ያለ ይመስላል። ስለ ውል፣ ስለ ይርጋና ስለ ማስረጃ ምዘና ስንነጋገር የኖርን የሕግ ሰዎች ስለ ሠርግ፣ ይልቁንም ስለ ሁለት ሃይማኖት ልጆች ሠርግ መነጋገራችን ለአንዳንዱ እንደ መዝናኛ ሊታየው ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩ የሙያችን እምብርት ነው እላለሁ። ሠርግ የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ ጋብቻ ግን ውል ነው፣ ንብረት ነው፣ ልጅ ነው፣ በመጨረሻም ቀብር ነው። በሠርጉ ዋዜማ ያልተነሣ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት በችሎት ፊት ይቆማል። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት እሞክራለሁ።

ንግግሬን ከመቱና ከኢሉባቦር ከተሞች ጋር ያያዝሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢሉባቦር ስል የቀድሞውን አጠራር መያዜ ነው፤ ዛሬ አገሩ ኢሉ አባ ቦራና ቡኖ በደሌ ተብሎ በሁለት ዞን የተከፈለ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መቱ፣ ከእርስዋ በፊት ዋና ከተማ የነበረችው ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በደሌና ወደ ጋምቤላ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለችው ቡሬ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ወንጌላዊውና ካቶሊኩ በአንድ ገበያ የሚገናኙባቸው፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጡባቸው ከተሞች ናቸው። ጎሬ በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ቡናዋን በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ አውርዳ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ትልክ በነበረበት ዘመን የግሪክ፣ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎችም ይመላለሱባት ነበር። ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን መኖራቸው ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልጆቻቸው ሲፈላለጉ ግን ጉርብትናው የማይመልሰው ጥያቄ ይነሣል።

አዲስ የሆነ ሌላም ነገር አለ። የዛሬ ወጣቶች ሠርጋቸውን ከአዳራሽ አውጥተው በዛፍ ጥላ፣ በወንዝ ዳር፣ በቡና ተክል መካከል ለማድረግ ይመኛሉ። ኢሉባቦርም ለዚህ ምኞት የተሠራ አገር ነው። የያዮ የቡና ደን፣ በተፈጥሮ የበቀለው ዐረቢካ ቡና የሚገኝበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ167,000 ሄክታር በላይ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች «ተፈጥሮ የማንም ሃይማኖት አይደለችምና እኛን ታስማማናለች» ብለው ያስባሉ። ይህ ሐሳብ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ላቁም። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ የማንንም ቤት አይነካም። ሙሽሪት መቱ ያደገች የካቶሊክ ልጅ ናት እንበል። ሙሽራው ደግሞ ወላጆቹ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በተጓዙ ጊዜ አብረው የሄዱ፣ እርሱ በዚያው ተወልዶ ያደገ የቤተ እስራኤል ልጅ ነው እንበል። የአይሁዳዊና የካቶሊክ ጋብቻ በሩቅ አገር የሚነገር ወሬ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ከጎንደር የወጣ ቤተ ሰብና ከመቱ የወጣ ቤተ ሰብ በአንድ ዳስ የሚገናኙበት ዘመን ላይ ነን። ይህን ከባዱን ምሳሌ የመረጥሁት፣ በእርሱ የምናገኘው መንገድ በየቀኑ ለሚያጋጥሙን ለቀለሉት ጉዳዮች ሁሉ ያገለግላል ብዬ ስለማምን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት የጋብቻ አፈጻጸም ያውቅ ነበር፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህንኑ ሦስትነት ጠብቆአል፤ በሦስቱ መካከል የውጤት ልዩነት እንደሌለም ደንግጓል። የኦሮሚያ ክልል በበኩሉ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ ስላወጣ፣ መቱ ላይ ጋብቻ የሚያማክር ባልደረባችን አስቀድሞ መክፈት የሚገባው የክልሉን ሕግ ነው። ከሁሉም በላይ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድና ሴት በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ ከምሳሌያችን ሙሽሮች ፊት አገራችን በር አልዘጋችም።

በሙሽራው አገር ሁኔታው ሌላ ነው። በእስራኤል የሲቪል ጋብቻ የለም፤ የጋብቻ ሥልጣን በየሃይማኖቱ ፍርድ ቤት እጅ ነው፤ የረቢዎቹ ፍርድ ቤትም አይሁዳዊን ከካቶሊክ ጋር አያጋባም። ለዚህ ነው ብዙ እስራኤላውያን ወደ ቆጵሮስ ተሻግረው የሚጋቡት። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 ፈንክ ሽሌዚንገር በሚባለው መዝገብ፣ በቆጵሮስ ከአይሁዳዊ ጋር የተጋባች አንዲት ቤልጂጋዊት ክርስቲያን ጋብቻዋ በሕዝብ መዝገብ እንዲጻፍላት አዘዘ፤ መዝጋቢው ሰነዱን ከመቀበል አልፎ የጋብቻውን ሃይማኖታዊ ዋጋ ሊመረምር አይገባውም ሲል። ከዚህ የምንረዳው መቱ ላይ በክብር መዝገብ ሹም ፊት በትክክል የተፈጸመ ጋብቻና በወጉ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ለእነዚህ ሁለት ልጆች ከአበባና ከቀለበት የበለጠ ዋጋ እንዳለው ነው።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ያለውን ጉድለት መደበቅ አይገባም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የክብር መዝገብን ቢደነግግም ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቆይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለሆነም ሕዝባችን ጋብቻን በድግስና በምስክር እንጂ በወረቀት ማወቅ አልለመደም። የአንድ ሃይማኖት ባልና ሚስት ከሆኑ ቄሱ ወይም ቃዲው፣ ጐረቤቱና ዕድሩ ይመሰክሩላቸዋል። የሁለት ሃይማኖት ልጆች ግን ይህ ዋስትና የላቸውም። ሰላም ባለበት ዘመን ሁሉም «ባልና ሚስት ናቸው» ይላል፤ ባል ሲሞትና ቤቱ ሲከፈል ግን «በእኛ ሥርዓት አልተጋቡም» የሚል ወገን አይጠፋም። ያን ጊዜ ሴቲቱ የትዳር ሁኔታ መኖሩን በምስክር ለማስረዳት ትገደዳለች። ካልተሳካላትም እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ እንደነበር ብቻ ይቆጠርና፣ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በጋራ የፈራው ንብረት የጋራ ለመባል ቢያንስ ሦስት ዓመት አብሮ መኖርን ማረጋገጥ ይኖርባታል። እንግዲህ የምዝገባ ወረቀት ማለት ይህን ሁሉ መንከራተት የሚያስቀር አንድ ገጽ ነው።

ከሕጉ ቀጥሎ ሃይማኖቶቹ ምን ይላሉ? ወጣቶች ብዙ ጊዜ «ቄሱም ረቢውም ጎን ለጎን ቆመው ይባርኩን» ይላሉ። ምኞቱ ቅን ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ባልተጠመቀ ሰውና በካቶሊክ መካከል የሚደረገውን ጋብቻ ዕንቅፋት ያለበት ትለዋለች፤ ዕንቅፋቱን ግን ጳጳሱ በፈቃድ ሊያነሣው ይችላል። ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ቅይጥ ጋብቻ ባወጡት ደብዳቤና በ1983 በወጣው የቀኖና መጽሐፍ መሠረት፣ ቃል የሚገባው ካቶሊኩ ወገን ብቻ ነው፤ እምነቱን እንደሚጠብቅና ልጆቹ እንዲጠመቁ የሚቻለውን ሁሉ እንደሚያደርግ። ሌላው ወገን ይህ ቃል መገባቱን እንዲያውቅ ይደረጋል እንጂ አብሮ እንዲምል አይጠየቅም። ስለ ቦታውም ያው ቀኖና፣ በካቶሊክና ባልተጠመቀ ሰው መካከል የሚደረግ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሌላ ተስማሚ ቦታ ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራል። በግዕዝ ሥርዓት የሚመሩት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት እ.ኤ.አ. የ1990 የምሥራቅ ቀኖና ግን ከተቀደሰ ቦታ ውጭ ለመፈጸም የጳጳሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሙሽሪት ወደ ቆሞሷ ሄዳ ልትጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «እኔ የየትኛው ሥርዓት አባል ነኝ?» የሚል ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ቀኖናው ስለ አንድ ጋብቻ ሁለት ጊዜ ሃይማኖታዊ ቃል ኪዳን መስጠትን፣ የሁለት ሃይማኖት አገልጋዮችም እየተቀባበሉ ቃሉን መቀበላቸውን ይከለክላል። በአይሁድ ወገንም ኦርቶዶክሶቹ ረቢዎች በእንዲህ ያለ ጋብቻ አይገኙም። የአሜሪካ የተሐድሶ ረቢዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1973 ድርጊቱን ቢቃወምም ለእያንዳንዱ ረቢ ኅሊና ስለተወው፣ እዚያ የሚያጋቡ ይገኛሉ። ስለዚህ «ሁለቱንም አቀላቅለን አንድ እናድርግ» የሚለው ዕቅድ ዘመናዊ ይምሰል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን የሚያስቀይም ነው።

ታዲያ መውጫው ምንድን ነው? ቀኖናው ራሱ አንድ መንገድ ይሰጣል። ከባድ ችግር ሲኖር ጳጳሱ ካቶሊኩን ወገን ከቤተ ክርስቲያኒቱ የጋብቻ ሥርዓት ነጻ ሊያደርገው ይችላል፤ ጋብቻው በሌላ አደባባያዊ ሥርዓት እንዲፈጸም ብቻ ይጠይቃል። የክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚደረገው ጋብቻ እንደዚህ ያለ አደባባያዊ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ፈቃዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ከተገኘ አንዱ ድርጊት በመንግሥት ሕግም በሙሽሪት ቤተ ክርስቲያንም ዘንድ ጋብቻ ይሆናል፤ ሙሽራውም የማያምንበትን ቃል በአፉ እንዲናገር አይገደድም። የፌዴራሉ ሕግ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምስክር ይጠይቃል። አራቱ ምስክሮች ሁለት ከመቱ፣ ሁለት ከሙሽራው ቤተ ሰብ ቢሆኑ፣ ሕጉ የሚያዝዘው ቁጥር ራሱ የሁለቱን ቤት እኩልነት ያሳያል።

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ብርቅ ምሳሌ የተነገረ እንዳይመስልብኝ ወደ ዕለታዊው ጉዳያችን ልመለስ። በኢሉባቦር ከተሞች አዘውትሮ የሚነሣው የሙስሊምና የክርስቲያን፣ የኦርቶዶክስና የወንጌላዊ ጋብቻ ነው። በእስልምና ሙስሊም ወንድ የመጽሐፉ ሰዎች የሚባሉትን ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ሴት ማግባት ይፈቀድለታል፤ ሙስሊሟ ሴት ግን ሙስሊም ያልሆነን ወንድ እንድታገባ አይፈቀድላትም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተክሊልና ቁርባን የሚፈጸመው ሁለቱም የእምነቱ አባል ሲሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት የተለመደው መፍትሔ አንደኛው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቲቱ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ማድረግ ነው።

በእውነት አምና የተለወጠችን ሴት ማንም ሊነቅፋት አይችልም፤ መብቷ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ይህን መብት ሲሰጥ፣ ማንም በማስገደድ እምነት እንዲይዝ ወይም እንዲተው ሊደረግ እንደማይችልም ደንግጓል። የድግሱ ቀን ተቆርጦ፣ ጥሪው ተበትኖ፣ ከብቱ ተገዝቶ ሳለ «አሁን ካልተለወጥሽ ሠርጉ ይፈርሳል» የሚባልባት ልጅ ግን በነጻ ፈቃዷ መረጠች ለማለት ያስቸግራል። እንዲህ ያለው ለውጥ ከአንገት በላይ ነውና ለተቀበለው ሃይማኖትም ክብር አይሆንም። ስለዚህ ለአማካሪነት የምንጠራ ሁሉ አንድ ልማድ እናውጣ እላለሁ፦ የሃይማኖት ጥያቄ ተነጋግረው ሳይጨርሱ የሠርግ ቀን አይቆረጥ።

ቀን መቁረጥን ካነሣሁ ስለ ጊዜና ስለ ቦታ ጥቂት ልበል። ኢሉባቦር ዝናበ ብዙ አገር ነው፤ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ስለሆነ ሰው ሁሉ በሥራ ላይ ነው። የሚቀረው ደረቁ ጊዜ፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው፣ ጥርና የካቲት ነው። የረመዳን ወር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ከዚህ ጊዜ ጋር መግጠም አለመግጠሙ መታየት አለበት። ለምሳሌያችን ሙሽሮች ደግሞ ቅዳሜ አይሆንም፤ አይሁድ ከዓርብ ፀሐይ ግባት እስከ ቅዳሜ ፀሐይ ግባት ሰንበትን ያከብራሉና። ረቡዕና ዓርብ የኦርቶዶክሶቹ እንግዶች ጾም ነው። እነዚህን ሁሉ አውጥተን ስናሰላ የጥር ወር እሑድ ይቀርልናል። አንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም አቆጣጠር ጽፎ ማስተያየት ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ብዙ ኩርፊያ ግን ያስቀራል።

ስለ ቦታው፣ የሶር ፏፏቴ ዕጹብ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎችና እናቶች የማይወርዱበት ቁልቁለት የሠርግ ቦታ አይሆንም፤ ሥዕል መነሻ ይሁን። የያዮ የባዮስፌር ክልልም እምብርት፣ መከላከያና መሸጋገሪያ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው። እምብርቱ ለጥበቃ የተለየ ስለሆነ ድግስ አይገባበትም። ተፈጥሮን እናክብር ብሎ ደን ገብቶ ቅርንጫፍ መመልመል ከስሙ ጋር የሚጣላ ሥራ ነው። የገበሬው የጓሮ ቡና በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ሳለ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም፤ ዝናቡ ቀድሞ ጠብ ካለም በየካቲት መጨረሻ የቡናው ነጭ አበባ ራሱ ሽቶ ይሆናል።

አሁን ያቆየሁትን ግማሽ እውነት ላንሣ። ተፈጥሮ የማንም አይደለችም ይባላል፤ ነገር ግን በአገራችን ባለቤት የሌለው ዛፍ የለም። የኦዳ ዛፍ ለኦሮሞ ሕዝብ የጉባኤና የጸሎት ቦታ ነው፤ ኦዳ ዶጊም የሚገኘው በዚሁ በኢሉ አባ ቦራ ነው። የቤተ ክርስቲያን አጸድ ያለው ዝግባ የቤተ ክርስቲያን ነው። ቡና ቀላ የሚባለው፣ የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ተቆልቶ ከምርቃት ጋር የሚቀርበው፣ ለአንዱ ቤት የአባቶች በረከት ሲሆን ለሌላው ቤት ከእምነቱ ጋር የማይሄድ አምልኮ መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ «ባህል ነው» ወይም «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ያለ ጥያቄ ማቅረብ፣ ሃይማኖትን ሳይጠይቁ ከማቅረብ አይሻልም።

ይሁን እንጂ ምልክቶች ባለቤታቸውን ሊያሰፉ እንደሚችሉም ታሪክ ያስተምረናል። ቡና ራሱ በክርስቲያኑ ዘንድ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ሲነቀፍ ኖሮ፣ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ግን የጀበና ቡና የማይገባበት ቤት የለም። ቄጠማም እንዲሁ ነው፤ በዓውደ ዓመትም፣ በቡና ሥነ ሥርዓትም፣ በሠርግም ይጎዘጎዛል፤ የማን ነው ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ አልፏል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዳሱ ነው። አያቶቻችን ሠርግ ሲደግሱ እንጨት ተክለው በቅጠል ያለበሱት ዳስ ለሙስሊሙም፣ ለክርስቲያኑም፣ ለቤተ እስራኤሉም አንድ ነው። አይሁድ ሙሽሮችን የሚያቆሙባት በአራት ምሰሶ ላይ የተዘረጋች መጋረጃ፣ ሑፓ የሚሏት፣ በሰማይ ሥር መተከል የተወደደ ልማዳቸው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም በአማርኛ ከበዓሎቻቸው አንዱን የዳስ በዓል ይለዋል። ለምሳሌያችን ሙሽሮች ሑፓውን ያለ ረቢ መትከል የሌላውን ቅዱስ ነገር ለጌጥ እንደ መበደር ይሆናል። ዳስ ቢጥሉ ግን ሙሽራው የአባቶቹን ጥላ ያይበታል፤ ሙሽሪትም የእናቷን ሠርግ ታይበታለች። ምሰሶው ለዚሁ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ዋንዛው በቆመበት ይቅር።

በዳሱ ሥር ገበታ አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤተ እስራኤላውያንም ያለ ራሳቸው እርድ ሥጋ አይነኩም። በከተሞቻችን የተለመደው ሁለት ማድ ቤትና ሁለት ገበታ ማሰናዳት ነው። ይህ አክብሮት ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን እንግዳው ከደጃፍ ጀምሮ ለሁለት ይከፈላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ዋናው ገበታ የጾም ይሁን። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ዱባው፣ ጎደሬው፣ ከዛፍ ቀፎ የወረደው ማርና ቡናው በኢሉባቦር ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ሁሉም በአንድ መሶብ ይቀርብበታል። ሥጋ የፈለገ በማግሥቱ በየቤቱ ይረድ። በእምነቱ ጥብቅ የሆነ አይሁዳዊ እንግዳ ካለ የድስቱና የዕቃው ነገር አስቀድሞ ይጠየቅ።

የበረከቱስ ነገር? ካህንና ረቢ በአንድነት ባይቆሙም ዳሱ ምርቃት አይጎድለውም። በኦሮሞ ባህል ጃርሳ ቢያ፣ በአማርኛ የአገር ሽማግሌዎች የምንላቸው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ሊመርቁ ይችላሉ፤ የሙሽራውም አያት በቋንቋው ይመርቅ። ምርቃት የጋብቻ ቃል ኪዳን አይደለምና ከየትኛውም ቀኖና አይጋጭም። ቤተ እስራኤሉም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም ለጋብቻ ትውልድ የሚቆጥር ሕዝብ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ የሁለቱን ወገን አባቶች ስም ሰባት ቤት ድረስ ቢጠሩ ሁሉም በራሱ ወግ ይሰማዋል።

በመጨረሻ ከሠርጉ በፊት በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በግልጽ ቃል መመለስ ያለባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ላስቀምጥ።

አንደኛው የልጅ ነው። በምሳሌያችን ሙሽሪት ልጆቿ እንዲጠመቁ የሚቻላትን ለማድረግ ቃል ትገባለች። በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ደግሞ አይሁዳዊነት በእናት በኩል ስለሚተላለፍ፣ ከካቶሊክ እናት የሚወለደው ልጅ ካልተቀበሉት በቀር አይሁዳዊ አይባልም። ይህን ሙሽራው ከአማቱ አፍ ሳይሆን ከሙሽራይቱ አፍ፣ ከሠርጉ በኋላ ሳይሆን በፊት ይስማው። ተስማምተው ቢጋቡ መልካም ነው፤ ባይስማሙና ቢለያዩም ሕፃን በመካከል ከሚጎተት ይሻላል።

ሁለተኛው የንብረት ነው። የፌዴራሉ ሕግ የጋብቻ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክር እንዲፈርሙበት ይጠይቃል። ውል መዋዋል አለመተማመን ተደርጎ በከተሞቻችን ይታያል። የሁለት ሃይማኖት ባልና ሚስት ግን አንዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ሌላው በመደበኛ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ቢፈልጉ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለባቸው። በሕገ መንግሥታችን በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቀብር ነው። በሠርግ ወሬ መካከል ስለ መቃብር ማንሣት እንደማያስደስት አውቃለሁ። ነገር ግን በአነስተኛ ከተማ የመቃብር ቦታ በሃይማኖት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ሲሞት አጠገቡ ማን እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚጸልይ፣ የትኛው ዕድር እንደሚወጣ አስቀድሞ ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት ኀዘናቸው ላይ ሙግት ይጨመርባቸዋል። ፍላጎቱን በሕይወት ሳለ ለወገኖቹ የተናገረ ሰው ለትዳር ጓደኛው ትልቅ ስጦታ ትቶ ያልፋል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

የንግግሬን ፍሬ በአጭሩ ልሰብስብ። የሁለት ሃይማኖት ሠርግ የሚጸናው የሚጋራውንና የማይጋራውን ለይቶ በማወቅ ነው። የሚጋራው ብዙ ነው፦ በመንግሥት ሕግ ፊት የሚሰጠው ቃል፣ ዳሱ፣ የጾሙ ገበታ፣ ቡናው፣ ቄጠማው፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት። የማይጋራው ደግሞ በባለቤቱ ቤት በክብሩ ይቀመጥ፤ ለውበት ሲባል አይቀላቀል፣ ለሰላም ሲባልም አይካድ። ይህን ልዩነት ሳያፍር የሚያስረዳ ሰው ለሙሽሮቹ ያስፈልጋቸዋል። ወላጆቻቸው ስለሚወዷቸው ይፈራሉ፤ ቄሱና ቃዲው የየራሳቸውን ሕግ መጠበቅ ግዴታቸው ነው፤ ጓደኞቻቸው ደግሞ ስለ ልብስና ስለ ሥዕል ያስባሉ። የሚቀረው የእኛ ሙያ ነው። ሁለት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቢሯችን ሲመጡ፣ ስለ ምዝገባው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ቀብሩ በትዕግሥት ጠይቀን፣ መልሳቸውን ጽፈን ብናሰናብታቸው፣ ከዳሱ ወጥተው ለሚኖሩባቸው ዓመታት የሚሆን ስንቅ ሰጠናቸው ማለት ነው።